ክራከን ጂ12 በጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ላይ፦ ቺፑን ያቀዘቅዛል፣ ሚሞሪውን ለእናንተ ይተዋል

የኤንዜድኤክስቲ ኩባንያ ክራከን ጂ12 በራሱ ምንም አያቀዘቅዝም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የታጠፈ የብረት ላሜራ፣ አንድ የ92 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ከካርዱ ጀርባ የሚቀመጥ መደገፊያና ማሰሪያ ብሎኖች ነው። ሥራውም አንድ ነው፤ ለፕሮሰሰር ተብሎ የተሠራን ዝግ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ በግራፊክስ ካርድ ቺፕ ላይ አጥብቆ ማሰር። እ.ኤ.አ. በ2017 በ30 ዶላር ገደማ ገበያ ላይ ሲወጣ የቀዳሚውን የጂ10ን ቦታ ተረክቧል።

ይህን ሥራውን በደንብ ይሠራል። ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ካርዱን ገጥሞ፣ ጨዋታ ወይም ሬንደር (ምስል የማውጣት ሥራ) አስነስቶ፣ የቺፑ ሙቀት ከ84 ወደ 52 ዲግሪ መውረዱን ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ቺፑ ብቻ ነው። ቺፑን የከበቡት ሚሞሪዎችና ኃይል የሚያቀብለው ክፍል ግን የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ሲነሳ ሽፋናቸው ተገፎ ባዶአቸውን ቀርተዋል። የዚህ ዕቃ ጥራት የሚለካው በእነሱ ነው፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜውን እዚያ ያጠፋል።

ለምሳሌነት የተወሰደው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ነው። ከማርች 2017 ጀምሮ ያለ ካርድ ቢሆንም 11 ጊጋባይት ሚሞሪ ስላለው ዛሬም ብሌንደር በተባለው ባለ 3ዲ ፕሮግራም ላይ ሬንደር የሚያደርጉ አርክቴክቶችና ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ሰዎች አይለቁትም። 250 ዋት ይወስዳል። ከአምራቹ ከኤንቪዲያ የወጣው ፋውንደርስ ኤዲሽን ከኋላ አየር በሚተፋ አንድ ፋን ይቀዘቅዛል፤ 84 ዲግሪ ሲደርስም ፍጥነቱን እየቀነሰ እዚያው ይቆያል። እንደ 1080 ቲአይ ያሉ የፓስካል ትውልድ ካርዶች ደግሞ 84 እስኪደርሱ አይጠብቁም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በየደረጃው 13 ሜጋኸርዝ ያህል ይወርዳል። ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሚሰጠው የፍጥነት ትርፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። ትርፉ ብዙ አይደለም። የሚያስደስተው ጸጥታው ነው፤ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህ የነበረ ካርድ ድምፁ ይጠፋል።

ከጂ12 ጋር የሚገጥመው ማንኛውም ማቀዝቀዣ አይደለም። የፓምፑ እግር ክብ መሆን፣ ዙሪያውንም ጥርስ ጥርስ ያለው ቀለበት መያዝ አለበት። ይህ የዴንማርኩ አሴቴክ ንድፍ ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች በየራሳቸው ስም ይሸጡታል። ከኤንዜድኤክስቲ ክራከን ኤክስ42፣ ኤክስ52 እና ኤክስ62፣ ከኮርሴር ደግሞ ኤች55 ይገጥማሉ። የላይኛው ክዳን ቅርጽ አያታላችሁ፤ የሚታየው ከሥር ያለው ነው። እግሩ አራት ማዕዘን ከሆነ ላሜራው አይቀበለውም፤ በፋይል ሞርዶ ማስገባትም ቺፑን የሚነካውን የፓምፑን መዳብ ያጣምማል።

ለ1080 ቲአይ ከእነዚህ የትኛው ይመረጣል? ባለ 120 ሚሊ ሜትር ራዲያተሩ ኤች55 ይበቃል። በ60 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ የቆየ ቀላል ዕቃ ነው፤ ሶፍትዌር አይፈልግም፣ መብራት የለውም፣ የፓምፑ ገመድ አንድ ባለ 3 ፒን ብቻ ነው። ኤክስ52 ባለ 240 ነው፤ የቺፑን ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ይበልጥ ያወርዳል፣ ፋኖቹንም ቀስ ብሎ ለማዞር ያስችላል፤ ግን የሳታ ኃይልና የዩኤስቢ ገመድ ይጠይቃል። ኬዙ ቦታ ካለውና ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ የሚያድር ከሆነ ኤክስ52 ልዩነቱ ይታያል። ለሌላው ኤች55 ይሻላል፤ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። 1080 ቲአይ በቺፑ ዙሪያ 11 የጂዲዲአር5ኤክስ ሚሞሪዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 14 በ10 ሚሊ ሜትር ነው። አሥራ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ባዶውን ስታዩ የወደቀ ነገር አለ ብላችሁ አትደንግጡ። ከቺፑ በስተቀኝ፣ ወደ ኃይል መሰኪያው በኩል፣ ቪአርኤም አለ። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ቺፑ ወደሚፈልገው 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው ይህ ነው፤ በሥራ ሰዓት ከ150 አምፔር በላይ ያሳልፋል። ከዚያ ሁሉ ኃይል ጥቂቱ ወደ ሙቀት ሲቀየር ቦታው ጣት አያስነካም። የጂ12 ፋን የሚነፍሰው በዚህ በኩል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባዶ ሞስፌት (ኃይሉን የሚቀያይረው ትንሽ ጥቁር ቺፕ) ላይ አየር መንፋት ትንሽ ነው የሚረዳው፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ለአየሩ የሚሰጥ ብረት በላዩ ከሌለ የሚነካው ስፋት የጥፍር ያህል ነው። ከሣጥኑ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ብረት፣ ሂትሲንክ የሚባለው፣ አንድም አይወጣም። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ በ30 ዶላር ዕቃ ውስጥ ጥቂት የአሉሚኒየም ቁርጥራጮችን መጨመር አይከብድም ነበር።

ስለዚህ ሂትሲንኮችን ለብቻ ትገዛላችሁ። ለሚሞሪው 11፣ ለቪአርኤሙ እንደ ካርዱ አቀማመጥ ቀጫጭን ወይም ረጅም ዘንግ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የካርዳችሁን ማቀዝቀዣ ፈትታችሁ እዩ። በብዙ ካርዶች ማቀዝቀዣው ሁለት ንብርብር ነው፤ በላዩ ትልቁ ክንፋም ክፍል፣ ከሥሩ ደግሞ ሚሞሪውንና ቪአርኤሙን የሚሸፍን ጠፍጣፋ ብረት። ያ ጠፍጣፋ ብረት ለብቻው በብሎን የታሰረና መሐሉ የተከፈተ ከሆነ፣ የፓምፑም እግር በቀዳዳው ውስጥ ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ፣ አታንሱት። በገበያ ከሚገዛ ከማንኛውም ትንሽ ሂትሲንክ ይበልጣል። ለመፈተን ቴርማል ፔስት (በቺፑና በመዳቡ መካከል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ሳትቀቡ ፓምፑን በቺፑ ላይ አስቀምጡና ከጎን በባትሪ ብርሃን እዩ፤ በመዳቡና በቺፑ መካከል ብርሃን ካለፈ ብረቱ ከፍ አድርጎ ይዞታል ማለት ነው።

ጠፍጣፋው ብረት የማይሆን ከሆነ ቁርጥራጮቹ ይመጣሉ፤ ችግርም የሚበዛው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ቁመት ነው። ለቺፑ የቀረቡ ሚሞሪዎች ከፓምፑ እግርና ከላሜራው ሥር ይወድቃሉ፤ ረጅም ሂትሲንክ እዚያ ከተለጠፈ ላሜራው በእሱ ላይ ያርፍና መዳቡ ቺፑን በደንብ ሳይነካ ይቀራል። ለእነዚህ አጫጭሮቹን ምረጡ፤ ሁሉንም ከመለጠፋችሁ በፊት በደረቁ ለኩ። ሁለተኛው ስፋት ነው። ከሚሞሪው ጠርዝ የተረፈ ብረት አጠገቡ ያሉትን ጥቃቅን ካፓሲተሮች ከነካ ሾርት ያደርጋል። ሦስተኛው መለጠፊያው ነው። ተራ ቴርማል ፓድ፣ ማለትም ለስላሳው ንጣፍ፣ ሙቀት ያስተላልፋል እንጂ አይዝም፤ ካርዱ በኬዙ ውስጥ ሲቀመጥ ቺፖቹ ወደ ታች ይዞራሉና በፓድ የተጣበቀው ሂትሲንክ ሲሞቅ ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ ከታች ያለው ሌላ ካርድ ወይም ማዘርቦርድ ላይ ቢያርፍ ጉዳቱ ከሂትሲንኩ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። የሚያስፈልገው ሙቀት አስተላላፊ ተለጣፊ ቴፕ ነው። የ3ኤም 8810 ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማስተላለፍ አቅሙ ከፓድ ያነሰ ቢሆንም ቀጭን ስለሆነና በደንብ ስለሚይዝ ለሚሞሪ ይበቃል። ሚሞሪውን በአልኮል አጽዱ፣ ከቀድሞው ፓድ የቀረው ዘይት እስኪጠፋ ድረስ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ለ30 ሴኮንድ ያህል ጫን ብላችሁ ያዙ፣ ካርዱንም ለጥቂት ሰዓት በጀርባው አስተኙት። የሚደርቅ የሙቀት ሙጫ አትጠቀሙ፤ አንዴ ከያዘ ሲነቀል ሚሞሪውን ከነእግሩ ይዞ ይነሳል።

ከቪአርኤሙ ጎን የሚታዩት ግራጫ ሣጥን የመሰሉት ኮይሎች ናቸው። ብዙ ሰው በመጠናቸው ተታሎ ሂትሲንኩን እነሱ ላይ ይለጥፋል። ኮይሎቹ ሙቀት ይችላሉ፤ ሂትሲንክ የሚፈልጉት አጠገባቸው ያሉት ዝቅ ያሉ ጥቁር ሞስፌቶች ናቸው።

አፈታቱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። ከመንቀላችሁ በፊት ካርዱን አሥር ደቂቃ አሠሩት፤ የቆየ ፔስት ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ የመክፈቻውን ቁልፍ ጫን ብላችሁ የቀረውን ኃይል አፍስሱ። ፋውንደርስ ኤዲሽን ላይ ከጀርባ ሽፋኑ ሥር ያሉት ባለ ስድስት ጠርዝ ጥቃቅን ምሰሶዎች በካቻቪቴ አይፈቱም፤ የ4 ሚሊ ሜትር የዳዶ መፍቻ ያስፈልጋል። በፒንሳ ለመፍታት የሚሞክር ሰው ጠርዛቸውን ያሾልካል፣ ፒንሳውም ተንሸራትቶ ሰሌዳውን ይቧጭራል። ብሎኖቹን ሁሉ ከፈታችሁ በኋላ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ አትጎትቱ፤ ግራና ቀኝ በትንሹ አወዛውዙት። ሲላቀቅም ገና በፋኑ ገመድ ተያይዞ ነውና ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፤ የፋኑን መሰኪያ ነቅሎ የጨረሰ ችኩል እጅ ብዙ ነው። የተፈቱትን ብሎኖች በየተራቸው በወረቀት ላይ ለጥፉ፤ ካርዱን አንድ ቀን ስትሸጡት የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ያስፈልጋችኋል።

ቺፑን ለማጽዳት 99 ከመቶ አይሶፕሮፒል ይመረጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮልም ይሠራል፤ ቀሪው ውኃ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ኤች55 ሲወጣ ፔስት ተቀብቶበት ነው፤ እሱን ጥረጉና አዲስ ቀቡ፣ ምክንያቱም የፋብሪካው ክብ ቅብ የተለካው ለፕሮሰሰር ነው። የግራፊክስ ቺፕ የብረት ቆብ የለውም፤ ራቁቱን ነው። ስለዚህ ፔስቱ እስከ አራቱም ማዕዘን መድረስ አለበት። እንደ አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ያለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፔስት በቺፑ ላይ ስስ አድርጋችሁ አዳርሱት። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ተዉት፤ የሚያተርፈው ጥቂት ዲግሪ ነው፣ ጋሊየም ስላለበት አሉሚኒየም ይበላል፣ አንዲት ጠብታ ከቺፑ ዙሪያ ካሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ላይ ከወደቀች ካርዱ ያበቃለታል።

ሲታሰር አራቱ ማሰሪያዎች በመስቀልያ ይጠብቃሉ፤ አንዱን ግማሽ ዙር፣ ቀጥሎ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ግማሽ ዙር፣ እንዲህ እያሉ። አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቺፑን በማዕዘኑ ያስጨንቀዋል፤ ራቁት ሲሊከን ደግሞ በማዕዘኑ ነው የሚሰነጠቀው። በጣት እስከሚቻለው ከጠበቀ በኋላ በካቻቪቴ ጥቂት ጨምሩ፣ መቋቋም ስትጀምር አቁሙ። መደገፊያው ከሰሌዳው ጀርባ ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች በብረት እንዳይነካ ስፖንጁ በቦታው መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ አንድ ጊዜ መልሳችሁ ፍቱት። ድካም ይመስላል፤ ግን በመዳቡ ላይ የቀረው የፔስት አሻራ ከማንኛውም ፕሮግራም በላይ እውነቱን ይናገራል። አሻራው አራት ማዕዘኑን ሞልቶ በሁሉም በኩል እኩል ሳስቶ ከታየ አጽዱና እንደገና ቀብታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ እሰሩ።

ገመዱን በተመለከተ፣ ፓምፑ ሁልጊዜ ሙሉ 12 ቮልት ማግኘት አለበት። ማዘርቦርዱ ላይ ካለ የፋን መሰኪያ ላይ ሰክታችሁ በባዮስ 100 ከመቶ ላይ አስቀምጡት፤ ዙሩ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ መሰኪያ ካለ እሱን ምረጡ። ፓምፑን ከካርዱ በራሱ የፋን መሰኪያ ላይ አትሰኩ፤ ያ መሰኪያ ለፋን የተለካ ነው፣ ዙሩንም በሙቀት ያወርዳል። ባለ 92ቱን ፋን ግን በትንሽ አስማሚ ገመድ እዚያ መሰካት ይቻላል። ይህን ካደረጋችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ካርዱ የሚያየው የቺፑን ሙቀት ነው፤ ቺፑ 50 ላይ ስለሆነ ፋኑን ያዘገየዋል ወይም ያቆመዋል፣ ቪአርኤሙ ግን እየተቃጠለ ነው። በካርዱ ላይ ከሰካችሁት ቢያንስ 60 ከመቶ ላይ ቋሚ አድርጉት፤ በማዘርቦርድ ላይ መሰካት ከዚህ ያነሰ ራስ ምታት ነው።

ራዲያተሩ የትም ይግጠም፣ ከላዩ ጫፍ ያለው ክፍል ከፓምፑ ከፍ ማለት አለበት። በዝግ ዑደት ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት አየር አለ፤ አየሩም ከፍተኛውን ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ፓምፑ ከሆነ ይንጎራጎራል፣ ቀስ በቀስም ይጎዳል። ራዲያተሩን በኬዙ ወለል ላይ መግጠም የተከለከለው ለዚህ ነው። ከኋላ ወይም ከላይ ይሻላል። ጂ12 ከነፓምፑ ሦስት ማስገቢያ ያህል ቦታ ይበላል፤ ከሥሩ የድምፅ ወይም የኔትወርክ ካርድ ካለ፣ ወይም ኬዙ ትንሽ ከሆነ፣ ከመግዛት በፊት በማስመሪያ ለኩ።

አዲስ አበባ ላይ ለሚገጥም ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ስፋት አየር ቢገፋም አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። በፈሳሹ በኩል የሚለወጥ ነገር የለም፤ የሚጎዳው ራዲያተሩና ይልቁንም በአየር ብቻ የሚኖሩት ሂትሲንኮች ናቸው። ስለዚህ ከውጭ አገር ግምገማ ላይ የተነበበ ቁጥር ይህ ከተማ ላይ ሳይደገም ቢቀር የገጠማ ስህተት ነው ብሎ ለመደምደም አትቸኩሉ። የክፍሉ መቀዝቀዝ የተወሰነውን ይክሳል። ጅዳ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ በግልባጩ ነው፤ አየሩ ሙሉ ነው፣ ክፍሉ ግን ኤሲ ከሌለው ራዲያተሩ የሚስበው አየር ራሱ የሞቀ ነው።

ተገጥሞ ሲነሳ ጥሩ ውጤት ማለት በሙሉ ጭነት ቺፑ በ50ዎቹ ውስጥ ሲረጋ ነው። ለመፈተን ዩኒጂን ሄቨን የተባለውን የመፈተኛ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት ያህል አስኬዱ፤ ሌላው መፈተኛ፣ ፈርማርክ፣ በቪአርኤሙ ላይ ከልክ ያለፈ ጭነት ስለሚጥል ለመጀመሪያ ፈተና አይሆንም። ግማሽ ሰዓት የሚያስፈልገው ፈሳሹ ለመሞቅ ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ቁጥር ሐሰተኛ ደስታ ነው። ጭነት በገባ በሴኮንዶች ውስጥ ሙቀቱ ወደ 80ና 90 ከተፈናጠረ መዳቡ ቺፑን አልነካም፤ አውጥታችሁ ሂትሲንኮቹን ፈትሹ። ቀስ እያለ ደቂቃ በደቂቃ ከወጣና ካልቆመ ፓምፑ ወይም የራዲያተሩ ፋን አይሠራም፤ ሁለቱን ቱቦዎች ንኩ፣ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ፈሳሹ ቆሟል።

ከሁሉ የሚያደናግረው ቺፑ ቀዝቅዞ ሳለ የሚመጣው ችግር ነው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የተቆራረጠ ምስል ከታየ ሚሞሪው ሞቋል ወይም አንዱ ሂትሲንክ ወድቋል። በጭነት መሐል ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ቪአርኤሙን ጠርጥሩ። 1080 ቲአይ የሚሞሪውን ሙቀት ለሶፍትዌር አይገልጽም፤ ተጨማሪ መለኪያ የተገጠመላቸው የኢቪጂኤ አይሲኤክስ ካርዶች ብቻ ይለያሉ። ስለዚህ ርካሽ የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ገዝቶ ከካርዱ ጀርባ፣ በሚሞሪዎቹና በቪአርኤሙ አንጻር መለካት ይጠቅማል። የሰሌዳው ጀርባ ቪአርኤሙ አንጻር ከ90 በላይ ካሳየ ተጨማሪ ሂትሲንክ ወይም ከጎን የሚነፍስ ፋን ያስፈልጋል።

ከዚህ ካርድ ወጣ ሲባል ጂ12 ቶሎ ይደክማል። አርቲኤክስ 2080 ቲአይ ቪአርኤሙ በቺፑ ግራና ቀኝ የተከፈለ ነው፤ ፋኑ አንዱን ወገን ብቻ ያገኛል። አርቲኤክስ 3080 320 ዋት፣ 3090 ደግሞ 350 ዋት ይወስዳሉ፤ ጂዲዲአር6ኤክስ ሚሞሪያቸው በፋብሪካው ማቀዝቀዣ ሥር እንኳ የሚቃጠል ነው፣ 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ያዘገያል። የ3090 ግማሹ ሚሞሪ ከሰሌዳው ጀርባ ነው ያለው። እነዚህን በቁርጥራጭ ሂትሲንክ ለማስተዳደር መሞከር ካርዱን መግደል ነው። ለእነሱ የሚሆነው ሚሞሪውንም ቪአርኤሙንም በአንድ ብረት የሚሸፍን፣ ለካርዱ ተለክቶ የተሠራ እንደ አልፋኩል አይስቮልፍ 2 ያለ ነው፤ ውድ ነው፣ ካርዱ ሲቀየርም አብሮ ይቀራል።

በሌላ ወገን፣ ካርዱ የሚሞቀው ፔስቱ ስለደረቀ ብቻ ከሆነ ጂ12 አያስፈልግም። ሁለትና ሦስት ፋን ያለው 1080 ቲአይ ካላችሁ መጀመሪያ ፔስቱንና ፓዶቹን ቀይሩ፣ አቧራውን አራግፉ። ከክሪፕቶ ገንዘብ «ማዕድን ቁፋሮ» የተረፈ ካርድ ከሆነ ይህ ብቻውን ከአሥር ዲግሪ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ጂ12ን ከነኤች55ና ከነሂትሲንኩ ከመቶ ዶላር በላይ አውጥቶ መግጠም የሚያዋጣው ባለ አንድ ፋኑ ፋውንደርስ ኤዲሽን ላላቸው፣ ወይም የፋብሪካው ፋን ተሰብሮ ምትክ ላጡ ነው።

ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ስላለው በእጅ ሻንጣ ፍተሻ ላይ ሊያከራክር ይችላል፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ይምጣ፣ የራዲያተሩ ክንፎች በጣት እንኳ ይታጠፋሉ። አዲስ ሲሸጡ ኤች55 የ5 ዓመት፣ ኤክስ52 የ6 ዓመት ዋስትና ነበራቸው፤ ካርቶኑንና ደረሰኙን አትጣሉ። ያገለገለ ማቀዝቀዣ ሲገዛ ራዲያተሩን ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ትንሽ መንቦጭቦጭ ያለ ነው፤ ግማሽ የሞላ ጀሪካን የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ግን ውኃው በቱቦው ግድግዳ በኩል ለዓመታት ተንኖ አልቋልና ለሻጩ መልሱለት።